በቅሎዎቹ እምቢ ያሉት መንገድ

አራት ነበርን። መካነ ሰላም ውስጥ ደጁ ላይ ወንበር አውጥቶ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ያውቀናል። በወር አንድ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በአንዲት አሮጌ ነጭ ፒካፕ ከከተማ እንወጣለን፤ እሁድ አመሻሽ ላይ ቅንድባችን ሳይቀር አቧራ ለብሶ እንመለሳለን። ምን እንደምንፈልግ ግን ማንም አያውቅም ነበር። ወርቅ ነው የሚሉ ነበሩ። የተቀበረ ነገር የሚያሳይ መሣሪያ ገዝተዋል ብለው የሚያስወሩም ነበሩ። የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር አንድ ቀን ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እውነቱን ንገረኝ እስቲ፣ ምን አገኛችሁ?» አለኝ። «መንገድ» አልኩት። ቅር እያለው አሰናበተኝ።

እውነቴን ነበር። በእኛ አገር ዶዘር አንድ ጊዜ አልፎባቸው ሁለተኛ ዞሮ ያላያቸው መንገዶች አሉ። አንዱ ለወንዝ ጥናት የተቆረጠ ነው፤ አንዱ ድንጋይ ለማውጣት፤ ሌላው ደግሞ ለምን እንደተቆረጠ የሚያስታውስ ሰው የለም። ከደጋው የገብስ ማሳ ተነስተው፣ በገደሉ ወገብ ተጠማዘው ወደ አባይ በረሃ ይወርዱና አንድ ቦታ ላይ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ዝም ብለው ያልቃሉ። እኛ የምንወደው ያንን ነበር፤ መንገዱ እስኪያልቅ መሄድ።

ፒካፗ የነጋዴው ነበረች። ነጋዴው ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል፤ በሳምንቱ ቀናት ከአጅባር እስከ ደጎሎ ገበያ ለገበያ ይዞርባታል። ሰፊ ሰው ነው፤ ሲስቅ ጋቢናው ይሞላል። መካኒኩ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሌላ ሰው ሲነዳ ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሩን የሚያዳምጥ። ነርሷ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። «ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲያቃስት ነው የምሰማው፤ ማንም የማያቃስትበት ቦታ አንድ ቀን ልዋል» ብላ ነው የተቀላቀለችን። እኔ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ካርታ የምይዘው እኔ፣ አስቸጋሪ ቦታ ሲመጣ ከፊት ወርጄ ጎማውን የምመራው እኔ ነበርኩ።

በዚያ ዓመት ክረምቱ አልወጣ ብሎ ነበር። መስከረም አልቆ ጥቅምት ገብቶም ከሰዓት በኋላ እየጠበቀ ይዘንባል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ህዳር እስኪገባ፣ መሬቱ እስኪደርቅ እንቆይ ነበር። እኔ ግን በስልኬ ላይ ከሰማይ የተነሳ ምስል ስመለከት አንድ መንገድ አግኝቼ ነበር። ከከላላ አቅጣጫ ካለው አፋፍ ተነስቶ እስከ ወንዙ ድረስ የሚወርድ ቀጭን ነጭ ክር። ሁለት ሳምንት ሙሉ በስልኬ ላይ እያሰፋሁ እያጠበብኩ አየሁት። እንቅልፍ ነሳኝ።

«ትንሽ ይድረቅ» አለ ነጋዴው። «በሽሎ አካባቢ ያለውን ተወት ያደረግነውን እንጨርስና በዚህኛው ህዳር እንመለስበታለን፣ ኢንሻአላህ።»

«ህዳር ፈተና አለብኝ» አልኩ። ፈተና አልነበረብኝም። እስከ ዛሬ ድረስ ለምን እንደዚያ እንደቸኮልኩ አላውቅም። ያገኘሁት እኔ ነበርኩና ማንም ሳይቀድመኝ ልወርድበት ፈለግሁ። ማን ሊቀድመኝ?

ቅዳሜ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ታጥፈን፣ ቢጫ መምታት በጀመረው ገብስ መሀል አልፈን፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ አፋፉ ላይ ደረስን። እዚያ ቦታ ደጋው ሳያስጠነቅቅ ነው የሚያልቀው። ከእግርህ ስር ገደሉ ይከፈትና ከታች ቡናማ፣ ጭጋጋም፣ ትኩሳቱ ከሩቅ የሚታይ ሌላ አገር ይታያል። መካኒኩ እንደልማዱ ወርዶ አራቱንም ጎማ አስተነፈሰ። ነርሷ ጄሪካኖቹን፣ ገመዱን፣ አካፋውንና ክሪኩን ቆጠረች። መንገዱ ከፊታችን ነበር፤ ሣር የበቀለበት፣ ግን ወገቡ ጠንካራ የሚመስል።

ልንነሳ ስንል ሁለት የጭነት በቅሎዎች የሚነዳ ሰው ከገደሉ ብቅ አለ። የወጣው ግን በመንገዱ አልነበረም፤ ጎን ካለው ሸለቆ፣ ድንጋይ ከበዛበት በኩል ነው።

«አሰላሙ አለይኩም» አለው ነጋዴው።

«ወአለይኩም ሰላም። ወዴት ናችሁ?»

«ወደ ወንዙ ነን።»

«በዚሁ?» አለ ሰውየው መንገዱን በአገጩ እያሳየ።

«በዚሁ። ምነው?»

ሰውየው የበቅሎውን ልጓም ጠበቅ አደረገ። «እኔስ በሸለቆው ዞሬ ነው የወጣሁ። በቅሎዎቹ እምቢ አሉኝ። ከጠባቡ ላይ ሲደርሱ ጆሯቸውን ቀስረው ቆሙ። መታሁ፣ ለመንኩ፤ እምቢ። አስራ ሁለት ዓመት የተመላለሱበት መንገድ ነው።»

«ጅብ ሸቷቸው ይሆናላ።»

«ጅብማ ያውቃሉ» አለ ሰውየው። ከዚያ ፒካፗን ከፊት እስከ ኋላ አያትና «አላህ ይጠብቃችሁ» ብሎ በቅሎዎቹን ነዳ። ነጋዴው «መኪና ጆሮ የላት፣ በምን ትቀስራለች!» ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን። መካኒኩ ግን አልሳቀም፤ በቅሎዎቹ ገብሱ ውስጥ እስኪጠፉ ድረስ ወደ ኋላ እያየ ነበር።

ጠባቡ ቦታ ጋ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ አልፈጀብንም። በግራ ገደል፣ በቀኝ የተቆረጠ ቀይ አፈር። እኔ ወርጄ ከፊት ቀደምኩ። ስንጥቁን ያየሁት ያኔ ነው።

መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ፣ በሁለቱም ጫፍ እንደ ጨረቃ ታጥፎ ወደ ታች ይወርዳል። ጎንበስ ብዬ እጄን ከተትኩ። እስከ ክርኔ ገባ፤ ታቹን አልነካሁም። የሣሩ ሥር ከወዲያና ከወዲህ ተወጥሮ ነበር፤ ገና አልተበጠሰም። ጠርዙ ስለታም ነው፤ ዝናብ አላጠበውም። የሰሞኑ ነው ማለት ነው።

ይህን እኔ አስራ አንደኛ ክፍልን አስተምራለሁ። ሰሌዳ ላይ ተራራ እስልና እንደ ጨረቃ የታጠፈ ስንጥቅ አሰምርበታለሁ፤ «ይህን ካያችሁ ከስንጥቁ በታች ያለው መሬት በሙሉ ጉዞ ጀምሯል ማለት ነው» እላለሁ። ተማሪዎቼ ይጽፋሉ። በፈተና አመጣዋለሁ።

«ምንድነው?» አለ ነጋዴው ራሱን በመስኮት አውጥቶ።

ከታች ወንዙ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየኝ። ቡናማ መስመር፣ ጸሐይ የመታችው።

«የጎርፍ ቦይ ነው» አልኩ። «ቀጥ ብለህ ና። ና፣ ና፣ ና።»

ፒካፗ አለፈች። ጎማው ስንጥቁን ሲሻገር ከመሬቱ ውስጥ ባዶ ድምፅ ሰማሁ፤ ከበሮ በጣት እንደመንካት ያለ። ጋቢና ገብቼ በሩን ዘጋሁ። መካኒኩ ከኋላ ወንበር ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ «የምን ድምፅ ነው?» አለ። ነጋዴው ማርሽ ቀየረ።

ከዚያ በታች ገደሉ ፋታ ይሰጥና እንደ መደብ የተዘረጋ ሜዳ አለ። ማሽላ ተዘርቶበታል፤ ቁመቱ ከሰው በላይ፣ ራሱ መቅላት የጀመረ። በማሽላው ዳር አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን፣ አጠገቡ በረት። አንድ አዛውንት በሩ ላይ በመጥረቢያ የበሩን ሳንቃ ጠርዝ ይጠርባሉ። መኪና ሲያዩ መጥረቢያቸውን አስቀምጠው መጡ። ባለቤታቸው በቅል ውሃ አቀረቡልን። ውሃው ቀይ ነበር።

«ይቅር በሉን፣ አጣርቸውም ነው እንዲህ የሆነው» አሉ እናትየው። «ምንጩ ከደፈረሰ ሁለት ሳምንቱ።»

«በሩስ ምን ሆኖ ነው፣ አባቴ?» አለች ነርሷ።

«ኧረ ተይኝ። አልዘጋ አለኝ። ባለፈው ጁምዓ ጠረብኩት፣ ዘጋ። ሰኞ ደግሞ እምቢ። ዛሬ ሦስተኛየ ነው። አራስ ቤት ውስጥ ተኝታ በሩ ተከፍቶ ሊያድር ነው?»

አራሷ ልጃቸው ናት። ባሏ ለሥራ ርቆ ሄዷል፤ እሷ ወላጆቿ ቤት ከወለደች አስራ አንድ ቀኗ ነው። ነርሷ ይህን ስትሰማ ቦርሳዋን አንስታ ገባች። ስትወጣ ፊቷ እንደገባችበት አልነበረም። ወደ እኔ ጠጋ አለችና በሹክሹክታ «ልጁም እናቱም ደህና ናቸው። ግን ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። በጋቢ ሸፍነውታል» አለችኝ።

«የጭቃ ቤት ይሰነጠቃል» አልኳት።

ተመለከተችኝ። ብዙ ነገር የምታውቅ ሴት ናት፤ ስለ መሬት ግን የምታምነው እኔን ነበር። «እሺ» አለች።

የደፈረሰ ምንጭ። የማይዘጋ በር። ከቤቱ ጀርባ ያለው ትልቅ ግራር ወደ ገደሉ ዘንበል ብሏል፤ ጫፉ ግን ወደ ላይ ቀና ለማለት እየሞከረ። አንድ በአንድ፣ ሰሌዳ ላይ በምጽፈው ቅደም ተከተል ሁሉንም አየኋቸው። ስንመለስ እነግራቸዋለሁ አልኩ ለራሴ። ወንዙ ጋ ደርሰን፣ ስንመለስ፣ ተረጋግቼ።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ወንዙ ጋ ደረስን። ከዚያ ሜዳ በታች ያለው አገር ሰው የለውም። ግራርና እሾህ፣ የተቃጠለ ድንጋይ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሙቀት። መንገዱ አንድ የሲሚንቶ ችካል ጋ ደርሶ አለቀ። ችካሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ተፍቋል። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ቦታ ስንደርስ ነጋዴው ይጮሃል፣ ነርሷ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃ ውስጥ ትነክራለች፣ እኔ ፎቶ አነሳለሁ። ያን ቀን ማንም ምንም አላደረገም። ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ከነግንዱ የተነቀለ ዛፍ እያንከባለለ ይሄዳል። ወፍ አልነበረም። ይዘነው የመጣነውን ምሳ ቆመን በላን።

«ደስ አላለህም?» አለኝ ነጋዴው። «ሁለት ሳምንት ስታስጨንቀን ከርመህ!»

«ሙቀቱ ነው» አልኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ መካኒኩ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። ከላይ፣ በወረድንበት አፋፍ ላይ፣ ደመናው ጥቁር ሆኖ ተከምሯል። እኛ ያለንበት ጸሐይ ነው፤ ደጋው ላይ ግን የዝናቡ መጋረጃ ወርዶ ይታያል። ነጎድጓዱ ዘግይቶ ደረሰን።

«እንውጣ» አለ መካኒኩ። «አሁኑኑ።»

እስከዚያ ቀን ከእሱ ትዕዛዝ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ዳገቱን ስንወጣ ትንንሽ ድንጋዮች ከላይ እየተንከባለሉ መንገዱን ያቋርጡ ነበር። ዝናቡ እኛ ጋ ገና አልደረሰም፣ ንፋስም አልነበረም። አንዱ ኮፈኑን መታ። ነጋዴው መሳቁን ትቶ በአንደኛ ማርሽ ብቻ ይነዳል። ማሽላው ያለበት ሜዳ ላይ ስንደርስ የሴት ጩኸት ሰማን።

እናትየው ግቢው መሀል ቆመው ራሳቸውን ይዘው ይጮሃሉ። አዛውንቱ በሩን በመጥረቢያ ይመታሉ። ጠዋት አልዘጋ ያለው በር አሁን አልከፈት ብሏል። እናትየው ማገዶ ሊያመጡ ወጥተው፣ አራሷ ብርድ እንዳይመታት ብለው ገፍተው ዘግተውት ነበር። በዚያች ቅጽበት የበሩ ጉበን ወርዶ ሳንቃውን ነክሶ ያዘው። ከውስጥ ሕፃኑ ያለቅሳል። አራሷ አታለቅስም፤ «አባባ፣ ጣራው እየጮኸ ነው፣ አባባ» ትላለች፣ ደጋግማ፣ በተረጋጋ ድምፅ። ያ እርጋታዋ ከጩኸት የከፋ ነበር።

«ይተውት፣ አባቴ!» አለ መካኒኩ። «ሳንቃው ከተሰበረ ጉበኑ ይወድቃል። ግድግዳውን የያዘው እሱ ነው።» ሮጦ ክሪኩን ከፒካፗ አመጣ። በበሩ ጎን የነበረውን ጭቃ በአካፋ ናደና ክሪኩን ድንጋይ ላይ አቁሞ ከጉበኑ ስር አስገባ። ከዚያ ማዞር ጀመረ። እኔና ነጋዴው በትከሻችን ግድግዳውን ደገፍን። ግድግዳው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኛ ስለገፋነው አልነበረም። ከእግሬ ስር፣ ከጥልቅ፣ አንድ የማያቋርጥ ማጉረምረም ይሰማኝ ነበር።

ጉበኑ በጣት ስፋት ከፍ አለ። ከዚያ በሁለት ጣት፤ ሳንቃው ለቀቀና በሩ በከፊል ተከፈተ። ነርሷ በጎኗ ተጋድማ ሾልካ ገባች። መጀመሪያ ሕፃኑ በነጠላ ተጠቅልሎ ወጣ፤ እናትየው ተቀበሉት። ቀጥሎ አራሷ በእጅና በጉልበቷ ወጣች። ነርሷ መጨረሻ ስትወጣ ፀጉሯ በሙሉ አፈር ነበር። መካኒኩ ክሪኩን እዚያው ትቶት ወደ ኋላ ዘለለ። ቤቱ አልወደቀም። ዝም ብሎ ቆመ፤ በሩን በከፊል ከፍቶ።

«አብሽሪ፣ የኔ እመቤት፣ አብሽሪ» ይሏታል እናትየው ልጃቸውን። «ወጥተሻል።»

«ሁላችሁም መኪና ላይ ውጡ» አለ ነጋዴው።

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሷ ትሂድ፣ እናቷም ትሂድ። እኔ ማሽላየን ለዝንጀሮ ጥየ የት እሄዳለሁ? ቤቱንም ነገ አቀናዋለሁ።»

«አንቱ ሰውየ!» አሉ ባለቤታቸው። እንደዚያ ሲቆጡ አይተዋቸው የሚያውቁ አይመስለኝም፤ አዛውንቱ ደነገጡ። «ይህን ልጅ ማን ቁርአን ሊያስቀራው ነው? አያቱን አፈር ውስጥ ልንፈልግለት ነው? ውጡ እንግዲህ!»

ወጡ። አራሷንና ሕፃኑን ከነርሷ ጋር ጋቢና አስገባን፤ ሌሎቻችን ከኋላ ተሳፈርን። ጠባቡ ቦታ ሩቅ አልነበረም። ነጋዴው ኩርባውን ዞረና ፍሬን ያዘ።

ጠዋት እጄን የከተትኩበት ስንጥቅ ደረጃ ሆኗል። እኛ ያለንበት ወገን በሙሉ ከወገቤ በላይ ወርዶ፣ ከፊታችን እርጥብ ቀይ ግድግዳ ቆሟል። የሣሩ ሥሮች ተበጥሰው ተንጠልጥለዋል። መካኒኩ ወርዶ ግድግዳውን በመዳፉ ነካው። ከዚያ ዞሮ አየኝ።

«ጠዋት ቦይ ነው ያልከን ይሄ ነው?»

«ቦይ አልነበረም» አልኩ።

«ታውቅ ነበር?»

ዝናቡ ያኔ ጀመረ። ትላልቅ፣ ሞቃት ጠብታዎች።

«አውቅ ነበር።»

መካኒኩ የመዳፉን ጭቃ ሱሪው ላይ ጠረገ። ነጋዴው ከጋቢናው ወርዶ አጠገባችን ቆሞ ነበር። ከእሱ ኋላ አዛውንቱ ነበሩ። ሰምተዋል። ረጅም ጊዜ የመሰለኝን ያህል አዩኝና «ላሞቹ በረት ውስጥ ናቸው» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅሁም። ተመልሰው ቁልቁል መሄድ ጀመሩ።

ነርሷ አራሷን ደግፋ፣ እናትየው ሕፃኑን አቅፈው፣ ጠዋት የበቅሎዎቹ ባለቤት በዞረበት ሸለቆ በኩል መውጣት ጀመሩ። ነጋዴው ተመልሶ ጋቢና ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። ጎማው ግድግዳውን ቧጠጠ፣ አፈሩ ተንዶ ኮፈኑ ላይ ወረደ። ወደ ኋላ መለሳት፣ እንደገና ሞከረ። መካኒኩ በሩን ከፍቶ ቁልፉን ነቀለ።

«ውረድ።»

«ከእሷ በቀር ምን አለኝ?» አለ ነጋዴው። እጁን ከመሪው አላነሳም። «ልጆቼን የማበላባት እኮ እሷ ናት።»

«አውቃለሁ። ውረድ።»

እኔ ይህን የሰማሁት ከኋላዬ ነው፤ አዛውንቱን ተከትዬ እየሮጥኩ ነበርና። ብቻቸውን ሊሄዱ አይገባም ነበር። በረቱ ጋ ስደርስ አንዱን መወርወሪያ አውጥተዋል፤ ሁለተኛውን አብረን ሳብነው። ሁለት ላሞችና አንዲት ጊደር ደንብረው ወጡና ማንም ሳይነዳቸው ቀጥ ብለው ወደ ሸለቆው ሮጡ። አዛውንቱ ግን ወደ ማሽላው ጫፍ ዞሩ።

«በሬው እዚያ ታስሯል።»

በሬው ከግራሩ ማዶ፣ ከሜዳው ዳር ላይ ይታየኛል። ገመዱን እስከመጨረሻው ወጥሮ ወደ እኛ ዞሮ ቆሟል። በእኛና በእሱ መካከል ማሽላው ያለ ንፋስ ይወዛወዝ ነበር። አንድ ረድፍ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ።

«አይሆንም፣ አባቴ» አልኩና ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ልቀቀኝ።»

«አይሆንም።»

ጎልማሳ ቢሆኑ ኖሮ ጥለውኝ ይሄዱ ነበር። ተናነቅን ማለት ይቻላል። በመጨረሻ ጉልበታቸው ከዳቸውና ፊታቸውን አዙረው ቀደሙኝ። ሸለቆውን ስንወጣ አንድ ጊዜም ወደ ኋላ አላዩም። እኔ አየሁ። በሬው እዚያው ነበር።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ቀኑ ሊጨልም ትንሽ ቀርቶት ነበር። ሁሉም እዚያ ነበሩ፤ ነርሷ አራሷን በራሷ ጃኬት ሸፍናታለች። መጀመሪያ የሰማነው የግራሩ ሥር ሲበጠስ ነው፤ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ፣ እንደ ጥይት። ከዚያ ድምፁ ሁሉ አንድ ሆነ። ሜዳው አልፈረሰም፤ ሙሉውን፣ ከነማሽላው፣ ከነቤቱ፣ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሄደ። ነጭዋ ፒካፕ ትንሽ ቆማ ታየችና በጎኗ ተጋድማ አፈሩ ዋጣት። አቧራው በዝናቡ መሀል ወጣ። ከላይ የቆምነው ስምንት ነፍስ ነበርን። ሕፃኑ ተኝቶ ነበር።

ሰው አልሞተም። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ ሁሉ «ሰው ካልሞተ ምን አለው፣ አልሃምዱሊላህ በል» ይለኛል። አልሃምዱሊላህ እላለሁ። ነጋዴው በሰው መኪና መካነ ሰላም ከተመለስን ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን አይመልስም። መካኒኩ ይመልሳል፤ ግን ጋራዡ ስሄድ ሥራ ይበዛበታል። ነርሷ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ በር ላይ አስጠራችኝ። «ግድግዳውን ስነግርህ ለምን ዋሸኸኝ?» አለች። «ወንዙን ማየት ፈልጌ» አልኳት። አልሰደበችኝም። «እሺ» ብላ እንደዚያን ቀን አየችኝና ሄደች።

ህዳር አጋማሽ ላይ አዛውንቱን ፈልጌ ሄድኩ። አፋፉ ላይ ባለች መንደር የእህታቸው ልጅ ቤት ተጠግተዋል። ሲያዩኝ ተነሱ፣ እንደ እንግዳ ተቀበሉኝ፣ ቁጭ በል አሉኝ። ይዤው የመጣሁትን ንግግር አጠናቅሬ ልጀምር ስል እጃቸውን አነሱ።

«ና እስቲ፣ አንድ ነገር ላሳይህ» አሉ።

አፋፉ ጫፍ ድረስ ወሰዱኝ። ከታች፣ ሜዳው በነበረበት፣ ቀይ ቁስል ብቻ ነው። ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ ግን፣ ለወንዙ ቀረብ ካለ ቦታ፣ ቁራጭ ማሽላ ቆሟል። የሳቸው ማሳ ነው። ግማሹ ሳይገለበጥ ከነመሬቱ ወርዶ፣ እህሉ እዚያው ሆኖ በስሏል። ራሱ ቀልቶ ከሩቅ ይታያል። ጥቂቱ ወደ ጎን ዘምሟል።

«አሁን ያለበት የሌላ መንደር ሰዎች ድንበር ነው» አሉ። «የወንዝ ዳር ግጦሹ የነሱ ነው። አንተ መምህር ነህ። መሬቱ ራሱ ሄዶ የሰው ድንበር ውስጥ ከገባ የማን ነው?»

«አላውቅም፣ አባቴ።»

«ቃዲውም አላወቀ።» ዓይናቸውን ከማሽላው አላነሱም። «ያን ቀን ጠዋት፣ ውሃ የጠጣህ ጊዜ፣ ብትነግረኝ ኖሮ በሬውን አወጣ ነበር። ማሽላውንም እሸቱን ቢሆን አጭድ ነበር። ቀን ሙሉ ነበረኝ።»

«አዎ» አልኩ።

«ቀን ሙሉ» አሉ እንደገና፣ የቀኑን ርዝመት በዓይናቸው እየለኩ ይመስል። አልተቆጡም። ይቅር ብየሃለሁም አላሉኝም።

የግጦሹ ባለቤቶች ተለምነው እህሉ የሳቸው እንዲሆን ተስማሙ። በመኪና የሚደረስበት መንገድ ስለሌለ የመንደሩ ሰው በሸለቆው እየወረደ ሦስት ቀን አጨደ። እኔም ፈቃድ ወስጄ ወረድኩ። ታች ያለው መሬት ገና አልረጋም፤ ስትረግጠው እንደ ሊጥ ይሰምጣል፣ በየጥቂት እርምጃው ስንጥቅ አለ። አጫጆቹ እየሠሩ አያወሩም፤ አንድ ሰው ሁልጊዜ ከላይ ቆሞ ገደሉን ይመለከታል። ሦስተኛው ቀን ላይ ነጋዴው መጣ። ማን እንደነገረው አላውቅም። ማጭዱን አንስቶ ከእኔ በአስር እርምጃ ርቀት ጎንበስ አለ። እስከ ከሰዓት አንድ ቃል አልተናገረኝም። ከዚያ ከላይ ያለው ሰውዬ ጮኸ፤ አንድ ድንጋይ ተፈንቅሎ ነበር። ሁላችንም ማጭዳችንን እየጣልን ሮጥን። ስንቆም ነጋዴው አጠገቤ እያለከለከ ነበር።

«ይሄስ?» አለኝ መሬቱን በእግሩ እያሳየ። ድምፁ ጠጣር ነበር። «ዛሬስ ምን ታያለህ?»

የቆምንበትን ዞሬ ዞሬ አየሁ። ከላይኛው ጠርዝ ላይ ጠዋት ያልነበረ ቀጭን መስመር ነበር።

«እንውጣ» አልኩ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «ሰውም ይውጣ። ያልታጨደው ይቅር።»

አዛውንቱ ያልታጨደውን አንድ አራተኛ ማሳ አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። ማጭዳቸውን ከመሬት አንስተው ያጨዱትን ነዶ በትከሻቸው ተሸከሙና ቀድመውን ዳገቱን ጀመሩ።